የሕይወት ኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበርኩ
(ለተማሪዎች ማኅበር አባሎች የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችሁ ጸሐፊ ስለ ሥራዬ እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ «ስለ ኢንሹራንስ መስማት የሚፈልግ ተማሪ አለ ወይ?» ብዬው ነበር። እርሱም፣ «ዘንድሮ ከመካከላችን የሚመረቁ አሉና ምን ዓይነት እንጀራ እንደ ሆነ ይንገሩን» አለኝ። እንጀራነቱን በሚመለከት መልሱ አጭር ነው፤ ያበላል። ሃያ አራት ዓመት አብልቶኛል፤ ሦስት ልጆችም አስተምሬበታለሁ። ነገር ግን ሥራው እንጀራ ብቻ ስላልሆነ፣ ከፈቀዳችሁልኝ፣ የማልኮራበትን ጭምር እነግራችኋለሁ። የኩባንያውን ስም አልጠራም፤ ለነገሬ አያስፈልግምና።

ሥራውን የጀመርኩት በ1990 ዓ.ም. ነው። በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዤ ብዙ ደጅ ጠንቼ ሳላገኝ ቀርቼ፣ በመጨረሻ የሕይወት ኢንሹራንስ ሻጭ ሆኜ ተቀጠርኩ። ለአባቴ የምሥራች ብዬ ስነግራቸው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ታዲያ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ልጄ በሰው ሞት ይነግዳል ልበል?» አሉኝ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። አሁንም ቢሆን ሙሉ መልስ አለኝ ለማለት አልደፍርም።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። አንድ ሰው መቼ እንደሚሞት የሚያውቅ የለም። ከብዙ ሰዎች መካከል በዓመት ስንቱ እንደሚሞት ግን በግምት ሊታወቅ ይቻላል። ለምሳሌ ያህል፣ ዕድሜያቸው ሠላሳ የሆነ አንድ ሺህ ሰዎች አሉ እንበል፤ ከነዚህም በዓመቱ ሦስቱ ይሞታሉ እንበል። ለእያንዳንዱ ሟች ቤተ ሰብ 100,000 ብር እንዲከፈል ሺሁም ቢስማሙ፣ የሚያስፈልገው ገንዘብ 300,000 ብር ነው፤ ለአንድ ሰው ሲካፈል 300 ብር ይደርሰዋል። በዚህ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ወጪ፣ የሻጩ ኮሚሽንና ትርፍ ሲጨመርበት አረቦን ይባላል። ሰው እየሸመገለ ሲሄድ ሟቹ ስለሚበዛ ክፍያውም በየዓመቱ ከፍ ማለት ነበረበት። ይህ እንዳይሆን ደንበኛው ወጣት ሳለ ከሚገባው አብልጦ ይከፍላል፤ ትርፉም ለእርጅናው ዘመን መጠባበቂያ ሆኖ ይቀመጥለታል። የሥራው ምሥጢር በመሠረቱ ይኸው ነው።

ይህን ስሌት መልክ ካስያዙት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው የከዋክብት መርማሪ ኤድመንድ ሃሌ ነው። በስሙ የሚጠራውን ባለ ጭራ ኮከብ ታውቁታላችሁ። ሃሌ ብሬስላው የተባለችውን፣ ዛሬ በፖላንድ ውስጥ ቭሮትስዋቭ የምትባለውን ከተማ የልደትና የሞት መዝገብ ተመልክቶ እ.ኤ.አ. በ1693 የሟቾችን ሠንጠረዥ አወጣ። ከዚያም ጄምስ ዶድሰን የሚባል የሒሳብ መምህር ባቀረበው አሳብ መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ1762 ለንደን ላይ ኤክዊታብል የተባለው ማኅበር አረቦንን በዕድሜ ልክ እያሰላ ሥራ ጀመረ።

ስሌቱ የቆመው እንግዲህ በመዝገብ ላይ ነው። የእኛ አገር ግን የወሳኝ ኩነት ምዝገባን በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረችው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ እኔ ደንበኛዬን «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ «እናቴ እንደ ነገረችኝ፣ አንበጣው የመጣ ጊዜ ነው የተወለድኩት» የሚል መልስ የማገኝበት ቀን ጥቂት አልነበረም። በቢሯችን የነበረውም ሠንጠረዥ ከውጭ አገር ሰዎች ሞት የተሰላ ነበር። በሌላ ሕዝብ ሞት የእኛን ሰው ሞት እየለካን፣ ዕድሜውንም በአንበጣ እየቆጠርን እንሠራ ነበር ማለት ነው።

ስለ ሥራው ታሪክ በአጭሩ ልንገራችሁ። ዘመናዊ ኢንሹራንስ ወደ አገራችን የገባው በአቢሲንያ ባንክ ዘመን፣ የውጭ ኩባንያዎች ወኪል በመሆን ነው። የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ኩባንያ፣ ኢምፔሪያል ኢንሹራንስ፣ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ለኢንሹራንስ ውል ሰፊ ቦታ ሰጠው። በ1967 ዓ.ም. ኩባንያዎቹ በመንግሥት ተወረሱና ሥራው በአንድ ድርጅት እጅ ሆነ፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ደግሞ ለግል ኩባንያዎች እንደ ገና ተከፈተ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ግን የሕይወት ኢንሹራንስ የመኪናው ኢንሹራንስ ታናሽ ወንድም ሆኖ ኖሯል። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ከሚሰበሰበው አረቦን ከዐሥር እጅ አንዱን እንኳ አልሞላም። ለመኪናው ዋስትና የሚገባው ሰው ለነፍሱ አይገባም። ለምን እንደማይገባ በእግሬ እየዞርኩ ተምሬዋለሁ።

የሻጭ ሥራ በእግር ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቦርሳዬን አንግቤ መርካቶ እገባለሁ። አንድ የጨርቅ ነጋዴ ነገሬን እስከ ግማሽ ካዳመጡኝ በኋላ፣ «አንተ ልጅ፣ በቁሜ ልትቀብረኝ ነው የመጣኸው? ሟርትህን ይዘህ ወዲያ ሂድልኝ!» ብለው ከሱቃቸው አስወጡኝ። ሌላው፣ «የእኔ ዋስትና ልጆቼ ናቸው» ይላል። ሦስተኛው፣ «እግዜር ያውቃል» ይልና ወደ ሥራው ይመለሳል። እስላም ነጋዴዎች ደግሞ ወለድ ያለበት ነገር በሃይማኖታቸው እንደማይፈቀድ በትሕትና ያስረዱኝና ሻይ ጋብዘው ይሸኙኛል፤ ተካፉል የሚባለው ለእነርሱ የሚሆነው ዓይነት የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንዲት ሴትም ባላቸው ሊፈርሙ ሲሉ እጃቸውን ይዘው፣ «ይህን ከፈረምክ እንዳትሞትብኝ እፈራለሁ» አሏቸው። እኔም ብዕሬን ወደ ኪሴ መለስኩ።

እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኛው ገቢያችን በየደጁ ከሚሸጠው አልነበረም። መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው በጅምላ የሚገቡት፣ ባንክም ብድር ሲሰጥ ተበዳሪው እንዲገባ የሚያደርገው ዋስትና ነበር የሚያኖረን። ደመወዝተኛውና ተበዳሪው ገብተዋል፤ ገበሬውና የቀን ሠራተኛው ግን ከመዝገባችን ውስጥ የሉም ነበር። ይህን ሳልናገር ባልፍ ከእናንተ አንዱ ተነሥቶ እንደሚጠይቀኝ ዐውቃለሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ካሣ ክፍል ተዛወርኩ። የካሣ ክፍል ሥራ በወንበር ላይ ነው፤ ከእግሩ ግን ይከብዳል። በጠረጴዛው ማዶ የሚቀመጠው ሰው ሁልጊዜ ኀዘንተኛ ነው። አንተ ደግሞ ወረቀት ትጠይቀዋለህ። የሞት ማስረጃ፣ የሆስፒታል ማስረጃ፣ አደጋ እንደ ሆነ የፖሊስ ማስረጃ፣ ተጠቃሚ ካልተጠቀሰ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ስም ነው። ሟች በውሉ ላይ ሚስቱን በቤት ስሟ ይጽፋታል፤ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ሌላ ስም አለ፤ የጋብቻ ወረቀቷ ላይ የክርስትና ስሟ ተጽፏል። ሦስቱ ሴቶች አንዲት ሴት መሆናቸውን ለማስመስከር ወራት ያልፋሉ።

ስለ ተጠቃሚ አንድ ነገር ልብ በሉ። በውሉ ላይ ተጠቃሚ በስም ከተጠቀሰ፣ ገንዘቡ ከውርስ ውስጥ ሳይገባ በቀጥታ ለዚያ ሰው ይከፈላል። አንድ ወጣት መሐንዲስ ሳያገባ በፊት እናቱን ተጠቃሚ አድርጎ ፈርሞ ነበር። ከዚያም አገባ፤ ሁለት ልጆች ወለደ፤ ወረቀቱን ግን ሳያስለውጥ በመኪና አደጋ ሞተ። ገንዘቡን ለእናቲቱ ከፈልን፤ ሌላ ማድረግ አንችልም ነበር። አሮጊቷ ከቢሯችን እንደ ወጡ ቼኩን ይዘው በቀጥታ ወደ ምራታቸው ቤት ሄዱ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው አለ፤ የማያደርግም አለ፤ ሁለቱንም አይቻለሁ። ስለዚህ ስታገቡ ወረቀታችሁን አስለውጡ።

አሁን ወደማልኮራበት ነገር ልምጣ። ገና ሻጭ ሳለሁ፣ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ከተመደበልኝ ኮታ ግን ግማሹን አልሞላሁም። የሻጭ ኮሚሽን ከፍ የሚለው በውሉ የመጀመሪያ ዓመት ስለ ሆነ፣ ሻጩ ዓይኑ ያለው ፊርማው ላይ ነው። አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ያላቸው ሰው ብዙ ካመላለሱኝ በኋላ እሺ አሉኝ። ፎርሙን የመጋዝ ብናኝ ባለበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ጥያቄዎቹን አነብላቸው ጀመር።

«የስኳር በሽታ አለብዎት?»

«የለብኝም።»

«የልብ ሕመምስ?»

«የለብኝም።»

«የደም ግፊት?»

«እርሱስ ከፍ ይላል ብለው ክኒን ሰጥተውኛል። ሲያመኝ እውጠዋለሁ።»

ብዕሬን እንደ ያዝኩ ዝም አልኩ። «አለ» ብዬ ብጽፍ የሚከተለውን ዐውቃለሁ። ሐኪም ዘንድ ይላካሉ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ያልፋል፤ አረቦኑ ከፍ ይላል፤ ሰውየውም ምናልባት አሳባቸውን ይለውጣሉ። «ጋሼ፣ ይህ ዛሬ የማይነካው ሰው የለም፤ እንደ በሽታም አይቆጠርም» አልኳቸውና «የለም» ብዬ ጻፍኩ። እርሳቸውም ሳያነቡ ፈረሙ። ያመኑት ወረቀቱን ሳይሆን እኔን ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ሰውየው ሥራ ላይ እንዳሉ ወድቀው በማግሥቱ ዐረፉ። ሐኪሙ የጻፈው ምክንያት በአንጎል ውስጥ የደም መፍሰስ የሚል ነበር። የውሉ ገንዘብ 60,000 ብር ነው። የካሣ ክፍል የሆስፒታሉን ካርድ አስመጥቶ ሲመለከት፣ ክኒኑ ከውሉ በፊት እንደ ታዘዘ ተጽፎ አገኘ። በንግድ ሕጋችን መሠረት፣ ዋስትና የሚገባው ሰው አስፈላጊ ነገር ሆን ብሎ የደበቀ እንደ ሆነ ውሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ለባለቤታቸው የእምቢታ ደብዳቤ ተላከ። ያን ጊዜ እኔ በዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ደብዳቤው ሲተየብ አይቻለሁ።

ወይዘሮዋ ከል ለብሰው፣ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው መጡ። ከሠራተኞቹ መካከል እኔን ፈልገው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። አልጮኹም፤ አልረገሙኝም። «ልጄ፣ እኔ ማንበብ አልችልም። የጻፍከው አንተ ነህ። ምን እንደ ነገረህና ምን እንደ ጻፍክ አንተ ታውቃለህ» አሉኝ። እኔም፣ «እትዬ፣ ጉዳዩ በኮሚቴ ተይዟል፤ ይጠብቁ» አልኳቸው። ውሸት ነበር፤ ምንም ኮሚቴ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። በሦስቱ ሳምንት ለራሴ ያልኩትን ሁሉ አስታውሳለሁ። አንብበው መፈረም ነበረባቸው አልኩ። ሁሉም ሻጭ እንዲህ ያደርጋል አልኩ። ከሥራ ብባረር ማንን እጠቅማለሁ አልኩ። ሁሉም ምክንያት ይመስል ነበር። ሌሊት ግን የወይዘሮዋ ፌስታል ሲንኮሻኮሽ ይሰማኝ ጀመር።

በመጨረሻ የሆነውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፌ ለኃላፊው ይዤ ሄድኩ። ኃላፊው አነበበና፣ «ይህን ወረቀት ከተቀበልኩህ በኋላ መልሼ አልሰጥህም። አስበህበታል?» አለኝ። «አስቤበታለሁ» አልኩት። ሕጉ ሆን ብሎ በደበቀ ሰውና ያለ ክፉ አሳብ በተሳሳተ ሰው መካከል ልዩነት ያደርጋል። ሟች ደግሞ እውነቱን ተናግረው ነበር፤ የደበቅሁት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ኮሚቴ በእርግጥ ተቋቋመ። ግፊቱ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሊከፍሉት ይገባ የነበረው አረቦን ተሰላና፣ ከ60,000 ብሩ 41,000 ብር እንዲከፈል ተወሰነ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ የደረጃ ዕድገቴም ለሦስት ዓመት ታለፈ። ይህ ለጥፋቴ ጥቂት ነው።

ገንዘቡ እስኪወጣ ከሞቱ ቀን ጀምሮ ስምንት ወር አልፏል። በዚህ መካከል ታላቂቱ ልጃቸው ትምህርቷን አቋርጣ ሱቅ ተቀጥራ ነበር። በኋላ ተመልሳ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ለመጠየቅ ድፍረት አላገኘሁም። ከስምንቱ ወር ሦስቱ ሳምንት የእኔ ዝምታ ነው።

ስለዚህ ቤተ ሰብ ሌላም ነገር ልንገራችሁ። ሰውየው በሞቱበት ቀን ጥሩምባ ተነፋ፤ ከቀትር በፊት ድንኳኑ ተተከለ፤ አግዳሚውና ድስቱ መጣ፤ የዕድሩም ገንዘብ በወይዘሮዋ እጅ ገባ። የዕድሩ ዳኛ ስለ ደም ግፊት አልጠየቀም። ለምን አይጠይቅም? ሰውየውን ሃያ ዓመት ያውቃቸዋልና ነው። ሲታመሙ ጠይቋቸዋል፤ በሌላው ሰው ቀብር ላይ አብረውት ቆመዋል። ዕድርም ቢሆን ደንብ አለው፤ መዋጮውን ያልከፈለ ይቀጣል፤ ያልቀበረ ይጠየቃል። ነገር ግን ደንቡን የሚያስፈጽመው ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ በኀዘንተኛው ደጅ ነው የሚያልፈው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን አይተው «ዕድር ካለ ኢንሹራንስ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ትክክል አይደለም። የዕድሩ ገንዘብ ቀብሩንና የሐዘኑን ቀናት አሳለፈ እንጂ የልጆቹን የትምህርት ዓመታት አላሳለፈም። ዕድር ሙታንን በክብር ይሸኛል፤ ቀሪዎቹን ዐሥር ዓመት ማብላት ግን ዐቅሙ አይደለም፤ አባሎቹ ጎረቤታሞች ብቻ ስለ ሆኑ ሸክሙ ይከብዳቸዋል። ለዚያ የሚበቃው ሺዎች የማይተዋወቁ ሰዎች ሲያዋጡ ነው። ሰዎቹ ስለማይተዋወቁ ፎርም አስፈለገ፤ ፎርሙ የጉርብትናው ምትክ ነው። ፎርሙን የሚሞላው ሰው ከዋሸ ሁሉም ነገር ፈረሰ ማለት ነው።

አንድ ሌላ ነገር ብደብቅ ሥራውን አሳምሬ ነገርኳችሁ ማለት ይሆናል። የገንዘብ ዋጋ ይወድቃል። ለሃያ ዓመት የሚገባ ዋስትና አለ፤ ደንበኛው በሕይወት ከቆየ በመጨረሻው ገንዘቡን ራሱ ይወስዳል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ 30,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። እኔ ራሴ የሸጥኩላቸው አንዲት መምህርት ሃያው ዓመት ሲሞላ መጥተው ቼካቸውን ተቀበሉና፣ «በዚህ ሶፋ እገዛበታለሁ፤ ስፈርም ግን ቤት እሠራበታለሁ ብለኸኝ ነበር» አሉኝ። ኩባንያው በውሉ የተጻፈውን አንድ ሳንቲም ሳያጓድል ከፍሏል። እኔ ግን ስሸጥላቸው ስለ ብር ዋጋ ምንም አልነገርኳቸውም። ለሞት አደጋ ዋስትና መግባት አንድ ነገር ነው፤ ለሃያ ዓመት በኢንሹራንስ መቆጠብ ሌላ ነገር ነው። ሻጭ የሚሆን ከእናንተ ሁለቱን ለይቶ ያስረዳ።

እንግዲህ ከመካከላችሁ ወደዚህ ሥራ የሚገባ ቢኖር የምመክረው ሁለት ነገር ነው። መጀመሪያ፣ የተነገራችሁን ጻፉ፤ ኮታችሁ ቢጎድልም ጻፉ። ደንበኛው ሳያነብ ሊፈርም ሲል ብዕሩን ያዙና ራሳችሁ አንብቡለት። ሁለተኛ፣ በካሣ ክፍል ስትቀመጡ የሚጎድለውን ወረቀት ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ ዘርዝራችሁ ስጡ። ኀዘንተኛን ዛሬ አንድ ማስረጃ፣ ነገ ሌላ እያሉ ማመላለስ ክፍያ ከመከልከል የማይሻል ግፍ ነው።

የምትገዙም ብትኖሩ፣ በሽታችሁን አትደብቁ፤ ሻጩ «ግድ የለም» ቢላችሁም አትመኑት። የፈረማችሁበትን ወረቀት ግልባጭ ለምትወዱት ሰው አሳዩት። ብዙ ውል መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት፣ ቤተ ሰቡ መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ይቀራል።

አባቴ ከሞቱ ቆይተዋል። በመጨረሻው ዘመናቸው አንድ ቀን፣ «ለመሆኑ ያ የሰው ሞት ንግድህ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የወይዘሮዋን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለእርሳቸው ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ «ሦስት ሳምንት ረጅም ነው» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። እኔም እስከ ጡረታዬ ድረስ፣ ጠረጴዛዬ ላይ የማንም ሰው ወረቀት ከሦስት ቀን በላይ እንዳይውል ስታገል ኖርኩ። ሁልጊዜ አልተሳካልኝም።